ሱቅና መኖሪያ በአንድ ቆጣሪ፦ የላይኛው ቤት የራሱን መብራት እንዲያገኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል። ሦስቱም የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ሆኖ በተሠራ ቤት ውስጥ የሁለቱ መብራት በአንድ ቆጣሪ ሲያልፍ ምን ማድረግ ይቻላል የሚል ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ነገር ስለሚነካ ሰፋ ያለ መልስ ሰጥተንበታል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ በደብረ ብርሃን ከተማ የምኖር መምህርት ነኝ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር፣ ከአንድ የወተት ተዋጽኦ መሸጫ ሱቅ በላይ ያለውን ፎቅ ተከራይተን መኖር ከጀመርን ሦስት ዓመት ሆነን። ቤቱ ያለው ቆጣሪ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በካርድ የሚሞላ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ሲሆን የተሰቀለው ሱቁ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ነው። እስካሁን ከባለሱቁ ጋር እኩል እያዋጣን ስንሞላ ቆይተናል። ሱቁ ሁለት ትልልቅ ፍሪጆች አሉት፣ እኛ ደግሞ ምጣድ አለን፤ ማን የበለጠ እንደሚጠቀም ሁላችንም የየራሳችንን ግምት ይዘን እንነታረካለን። ባለፈው ወር ባለሱቁ ለለቅሶ ወደ ገጠር በሄደ ዕለት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሂሳቡ አለቀ። ካርዱ በእጄ ስለነበር በማግስቱ አስሞልቼ ብመጣም፣ ካርዱ የሚገባበት ቆጣሪ ያለው በተቆለፈ ሱቅ ውስጥ ነው። ሁለት ሌሊት በሻማ አሳለፍን፤ ሊጡ ኩፍ ብሎ ስለነበር ጎረቤት ወስጄ ጋገርሁት። አከራያችን አዲስ አበባ የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ «የራሳችሁን ቆጣሪ አስገቡ፣ እኔ አልቃወምም» ብለውናል። ቆጣሪው በእኔ ስም ሊወጣ ይችላል? ከምንስ ልጀምር? ሰዎች ደግሞ «ከገበያ አነስተኛ ቆጣሪ ገዝታችሁ ግጠሙ» ይሉናል፤ ያ አይበቃም ወይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ማመልከቻ ከመጻፍዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። ባለሱቁ ባለበት፣ ገበያ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ ከቆጣሪው ሥር ያለውን የማከፋፈያ ሳጥን በር ከፍቶ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እንዲያወርድልዎ ይጠይቁት። እርስዎ ከላይ ያለውን አምፖል ሁሉ አብርተው፣ በየሶኬቱም የስልክ ቻርጀር ወይም ሬዲዮ ሰክተው ይጠብቁ። አንዱ ልጅዎ ደረጃው ላይ ቆሞ የወረደውን ብሬከር ይጥራ፤ እርስዎ የጠፋውን ይጻፉ። የሳጥኑን ሽፋን መፍታትም ሆነ ሽቦ መንካት አያስፈልግም፤ በሩን ከፍቶ ማውረድና መመለስ ብቻ ይበቃል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የትኛው የላይኛው ቤት መብራት በየትኛው ብሬከር እንደሚሄድ የሚያሳይ ዝርዝር በእጅዎ ይገባል፤ ይህ ወረቀት ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ሥራ ሁሉ መነሻ ይሆንዎታል።

ይህን ያስቀደምንበት ምክንያት አለን። ሰዎች የራሳቸውን ቆጣሪ ሲያስቡ የሚታያቸው ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ሳጥን ነው፤ ነገር ግን ቆጣሪ የሚቆጥረው በውስጡ ያለፈውን ብቻ ስለሆነ፣ የቤቱ ሽቦ ተደባልቆ ከተዘረጋ ሁለት ቆጣሪ ቢሰቀልም ሂሳቡ እንደተደባለቀ ይቀራል። በደብረ ብርሃንም ሆነ በአካባቢው ባሉት ሌሎች ከተሞች እንደምናየው፣ አብዛኛው ባለ አንድ ፎቅ ቤት መጀመሪያ ምድር ቤቱ ብቻውን ተሠርቶ፣ ፎቁ ከዓመታት በኋላ የተጨመረበት ነው። ፎቁ ሲጨመር የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በአቅራቢያው ካገኘው መስመር ይቀጥላል፤ የደረጃው አምፖል ከሱቁ መብራት፣ የመታጠቢያ ቤቱ ሶኬት ከሱቁ ሶኬት ይመጣል። ይህ በአንድ ቆጣሪ ዘመን ጉዳት አልነበረውም። ቆጣሪው ሁለት ሲሆን ግን አንዱ ቤተሰብ የሌላውን አምፖል ሲያበራ ይኖራል።

ከዚህ የባሰው ችግር በብሬከር ሙከራ የማይታየው ነው። ወደ እያንዳንዱ አምፖልና ሶኬት ሁለት ሽቦ ይሄዳል፤ አንደኛው ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ፌዝ፣ ሁለተኛው የሚመልሰው ኒውትራል ነው። ሠራተኛው ፌዙን በጥንቃቄ ለይቶ ኒውትራሉን ግን የጋራ አድርጎ ሊተወው ይችላል፤ ብሬከር የሚያወርደው ፌዙን ስለሆነ ሁሉም ነገር የተለየ ይመስላል። አንድ ጊዜ ይህን አምድ የማዘጋጀው እኔ ራሴ ለምክር በተጠራሁበት አንድ ቤት፣ ለላይኛው መኖሪያ አዲስ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ገብቶ ሳለ፣ የሱቁ ፍሪጅ በተነሣ ቁጥር የላይኛው ቤት መብራት ይጠፋ ነበር። ካርዱ ውስጥ ሂሳብ አለ። ቤተሰቡ ቆጣሪው የተበላሸ መስሏቸው አመልክተው ቢቀየርላቸውም ነገሩ አልተለወጠም። በመጨረሻ ከደረጃው በላይ፣ በቀለም የተሸፈነች ክብ የመገናኛ ሳጥን ተከፍታ ስትታይ፣ ከሱቁ የመጡና ከፎቁ የመጡ አራት ኒውትራሎች ባንድ ላይ ተጠምዝዘው በአንድ ቴፕ ታስረው ተገኙ። ብዙዎቹ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪዎች በፌዙ የወጣውንና በኒውትራሉ የተመለሰውን ያነጻጽራሉ፤ ሁለቱ ካልተመጣጠኑ ኃይል በጎን እየተወሰደ ነው ብለው ይቆርጣሉ፣ ወይም ከሁለቱ የበለጠውን ይዘው ይቆጥራሉ። ቆጣሪው የተሠራበትን ሥራ ነበር የሚሠራው፤ ስሕተቱ ከቴፑ ሥር ነበር። ስለዚህ የሚያሠሩትን ባለሙያ፣ ፌዙን ብቻ ሳይሆን ኒውትራሉንም እስከ አዲሱ ቆጣሪ ድረስ ለብቻው እንዲያመጣ በግልጽ ይንገሩት፤ ሲጨርስም የሱቁ ኒውትራል ከላይኛው ጋር አለመነካካቱን በመለኪያ መሣሪያ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ሥራው ከተፈረመና ከተከፈለ በኋላ ሳይሆን፣ ከመከፈሉ በፊት ያሳይዎ።

ወደ ስሙ ጉዳይ እንምጣ። ቆጣሪ የሚሰጠው ለቤቱ ነው፤ ተከራይ ሲወጣ ቆጣሪው ከቤቱ ጋር ይቀራል። በዚህ ምክንያት ቀጥተኛውና ጣጣ የሌለው መንገድ አከራይዎ ራሳቸው፣ በይዞታ ማረጋገጫ ካርታቸው፣ ለሁለተኛው ቤት አዲስ ቆጣሪ እንዲያመለክቱ ማድረግ ነው። እርሳቸው አዲስ አበባ ስለሚኖሩ ለእርስዎ ወይም ለባለቤትዎ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የሚያገለግል ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ፈርመው ቢልኩልዎ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መመላለስ ሁሉ እርስዎ መጨረስ ይችላሉ። «አልቃወምም» የሚለው የቃል ፈቃድ ግን የአገልግሎት መስኮቱ ላይ ምንም አይሠራም። ከውክልናው ጋር የካርታው ቅጂ፣ የአከራይዎና የእርስዎ የታደሰ መታወቂያ፣ የዘመኑ የግብር ደረሰኝ፣ የኪራይ ውሉና የነባሩ ቆጣሪ የደንበኛ ቁጥር በአንድ ፖስታ ይኑሩ። ስለ ውሉ ካነሣን፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ መመዝገብ እንዳለበት ይደነግጋል። ሦስት ዓመት የኖሩት በቃል ስምምነት ከሆነ፣ ይህን አጋጣሚ ውሉን በጽሑፍ ለማድረግ ይጠቀሙበት።

በዚያው ውል ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲገባ አጥብቀን እንመክርዎታለን፤ የቆጣሪውንና የአዲሱን ዝርጋታ ወጪ ማን እንደሚችል፣ እርስዎ ከከፈሉ ከኪራዩ በስንት ወር እንደሚታሰብልዎ ይጻፍ። ቆጣሪውም ሽቦውም ለአከራይዎ የሚቀር ሀብት ስለሆነ ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም። ቅን ሰው ከሆኑ ደግሞ፣ ደብዳቤዎ እንደሚያሳየው ናቸው፣ አይከብዳቸውም።

ማመልከቻው የሚቀርበው በከተማዎ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የደንበኞች አገልግሎት ማዕከል ነው። ሁላችንም እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» እያልን ብንጠራውም፣ የቀድሞው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ፣ ኃይል ማመንጨቱና በትልልቅ መስመሮች ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማከፋፈሉና መሸጡ ደግሞ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጥቷል፤ የደብዳቤዎ አድራሻ ሁለተኛው ነው። በማመልከቻው ላይ «አዲስ ቆጣሪ ይግባልኝ» ብቻ ብለው አይተዉት። በአንድ ይዞታ ላይ ከሱቁ የተለየ፣ መግቢያውና ወጥ ቤቱ ራሱን የቻለ የመኖሪያ ክፍል መኖሩን፣ ቆጣሪው ለመኖሪያ አገልግሎት እንደሚፈለግና ምን ያህል ኃይል እንደሚያስፈልግ ይግለጹ። ለኃይሉ መጠን ምጣዱን፣ ምድጃውን፣ ፍሪጁንና የብርድ ማሞቂያውን ከነዋታቸው ይጻፉ፤ ዋታቸው በየዕቃው ጀርባ በተለጠፈችው ወረቀት ላይ ይገኛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ የተቀመጠች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚወድቅባት ከተማ ስለሆነች ማሞቂያውን መርሳት አይገባም፤ ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ በየምሽቱ ሦስት ሰዓት ቢሠራ በወር 180 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል (አንድ ኪሎዋት ሰዓት ባለ 1,000 ዋት ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚወስደው ነው)።

ከዚያ በኋላ ባለሙያ መጥቶ ቦታውን ያያል፤ ከምሰሶው እስከ ቤቱ ያለውን ርቀት፣ የመስመሩንና የትራንስፎርመሩን አቅም አይቶ የዋጋ ግምት ይወጣል፣ ይከፈላል፣ ውል ይፈረማል፣ ከዚያም ይገጠማል። ቤቱ ከምሰሶው ከራቀ ተጨማሪ ምሰሶ ሊያስፈልግ ስለሚችል ወጪው ከቤት ወደ ቤት ይለያያል፤ ጎረቤትዎ የከፈሉትን ለእርስዎ መለኪያ አድርገው አይውሰዱት። ገንዘብ የሚከፈለው በግምቱ መሠረት፣ ደረሰኝ ወይም የባንክ ማረጋገጫ በሚሰጥበት መንገድ ብቻ ነው። «እኔ ላፋጥንልሽ» ብሎ በእጅ የሚቀበል ሰው ቢመጣ፣ የተቋሙን የጥሪ ማዕከል በ905 ደውለው ጉዳዩ የት እንደደረሰ ራስዎ ይጠይቁ።

ባለሙያው ቦታውን ሊያይ በሚመጣበት ቀን ቤት ይገኙ፤ የቆጣሪውን መስቀያ ቦታ የሚወስነው ያ ቀን ነው። የደረሰብዎ የሁለት ሌሊት ጨለማ ከሂሳቡ ክፍፍል ይልቅ ከቆጣሪው ቦታ የመጣ ነበር። አዲሱ ቆጣሪ ከሱቁ ውጭ፣ እርስዎ በማንኛውም ሰዓት በሚደርሱበት፣ ዝናብ በማይመታው የደረጃ መግቢያ ግድግዳ ላይ፣ በሰው ዓይን ከፍታ እንዲሰቀል ይጠይቁ። የቆጣሪው ማሸጊያ በማንም የግል ሠራተኛ መነካት የለበትም፤ የእርስዎ ባለሙያ ሥራ ከቆጣሪው በኋላ ካለው ብሬከር ይጀምራል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ እኩል ማዋጣታችሁ እርስዎን የጎዳ ይመስለናል። በግምት እናስላው። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ በአንድ ጋገራ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ከፍ ያለ ይወስዳል፤ በወር ዘጠኝ ጊዜ ቢጋገር 47 ገደማ ይሆናል። አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑና የቤት ፍሪጁ ሌላ 43 ቢጨምሩ፣ ማሞቂያ በማይበራበት ወር ቤትዎ 90 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠቀማል ማለት ነው። 400 ዋት የሚወስድ የሱቅ ፍሪጅ ሞተሩ ከሃያ አራቱ ሰዓት ግማሹን ብቻ ቢሠራ በወር 144፣ ሁለቱ 288 ይሆናሉ። ድምሩ 378፣ ግማሹ 189 ነው፤ ይህም ማለት ዘጠና ተጠቅመው የአንድ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ይከፍላሉ። በዚያ ላይ ነባሩ ቆጣሪ የሱቅ ከሆነ የሚታሰበው በንግድ ታሪፍ ነው። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው የታሪፍ ማሻሻያ የመጨረሻ ደረጃ ላይ የንግዱ ዋጋ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 2.1240 ብር ሲሆን፣ የመኖሪያው እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት 0.2730፣ ከ51 እስከ 100 ደግሞ 0.7670 ብር ነበር። በዚያ ዋጋ 189 ኪሎዋት ሰዓት በንግድ ታሪፍ 401 ብር ሲመጣ፣ የእርስዎ 90 በመኖሪያ ታሪፍ ቢበዛ ከ69 ብር ከጥቂት ሳንቲም አያልፍም ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ቁጥሮቹ ዛሬ ከፍ ብለዋል፤ የዝቅተኛ ተጠቃሚ መኖሪያ ቤት ዋጋ ከንግዱ ያነሰ መሆኑ ግን እንዳለ ነው። የመኖሪያ ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ወደ ከፍተኛው እርከን ስለሚወጣ፣ እንዲሁም በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት ያላለፈ የመኖሪያ ፍጆታ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ስለሆነ፣ ሁለት ተጠቃሚን በአንድ ቆጣሪ መደመር በሁሉም በኩል ያስከፍላል። እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ ከሆነ ግን ነገሩ ንግድ ስለሚሆን ይህን በማመልከቻው ላይ በግልጽ ይጻፉት።

ከገበያ ስለሚገዛው አነስተኛ ቆጣሪ፣ ለጊዜው ይጠቅማል፤ አይተካም። ከዋናው ቆጣሪ በኋላ በእርስዎ መስመር ላይ ቢገጠም የእያንዳንዳችሁን ድርሻ በቁጥር ስለሚያሳይ ንትርኩን ያቆመዋል፤ በየወሩ መጨረሻ ሁለታችሁም ባላችሁበት ቁጥሩ ተነቦ፣ ቀኑና ንባቡ በደብተር ላይ ይጻፍ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ግን የምትከፍሉት ታሪፍ የዋናው ቆጣሪ ታሪፍ ነው፤ ሂሳቡ ሲያልቅም ሁለታችሁ አብራችሁ ትጨልማላችሁ። የራስዎ ቆጣሪ እስኪገባ ድረስ ካርዱን በጋራ ማስቀመጥና የሱቁን መለዋወጫ ቁልፍ ባለሱቁ ለሚያምነው አንድ ጎረቤት እንዲሰጥ መስማማት ከአነስተኛው ቆጣሪ ይልቅ ለሌሊቱ ችግር ፈጥኖ ይደርሳል። ከባለሱቁ ጋር ያላችሁ ጉርብትና በአንድ ብር ከሃምሳ ሳንቲም ንትርክ እንዳይሻክር ማሰብ ደግሞ ተገቢ ነው፤ ሰውየው ለቅሶ ሄደ እንጂ በክፋት አልቆለፈም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። የደረጃው አምፖል፣ የውጭ በሩ መብራትና የውኃ መሳቢያ ፓምፕ ካለ ፓምፑ፣ በማን ቆጣሪ እንደሚሄዱ ሽቦው ከመለየቱ በፊት ይወሰን። ደረጃውን የሚጠቀሙት እናንተ ብቻ ከሆናችሁ የእናንተ ይሁን፤ ፓምፑ ለሁለታችሁ የሚሠራ ከሆነ ግን አነስተኛው ቆጣሪ ለእርሱ ይሁን፣ የሚቆጥረውንም ተካፈሉት።

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢት ከተማ ያለኝን ሱቅ ይዤ በላዩ ላይ መኖሪያ ፎቅ እየሠራሁ ነው፤ ግድግዳው ቆሟል፣ ልስኑ አልተጀመረም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛዬ «ሥሪ ፌዝ (ባለ ሦስት ፌዝ) ቆጣሪ አንድ አስገባና ለሁለቱም አከፋፍልሃለሁ፣ ለሁለት ቆጣሪ ለምን ትደክማለህ» ይለኛል። ፎቁን ወደፊት ላከራየው አስቤያለሁ። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ልስኑ አለመጀመሩ ትልቅ ዕድል ነው፤ ከልስን በኋላ መርቲሎ ያዥ ሰው እያስገቡ ግድግዳ ከማስፈልፈል ይድናሉ። ሱቁ ወፍጮ፣ ብየዳ ወይም ትልቅ የዳቦ ምድጃ ካልሆነ በቀር ሥሪ ፌዝ አያስፈልግዎትም። ለሱቁ ነባሩን ባለ አንድ ፌዝ ቆጣሪ ይተዉ፤ ለፎቁ ሌላ ባለ አንድ ፌዝ ቆጣሪ ያመልክቱ። የሥሪ ፌዝ አንድ ቆጣሪ ለሁለት መከፋፈል ፎቁን ሲያከራዩ ከደብረ ብርሃኗ ጠያቂያችን ጋር አንድ ዓይነት ችግር ውስጥ ያስገባዎታል፤ ሂሳቡ በእርስዎ ስም ይመጣል፣ ተከራዩ ሳይከፍል ቢወጣ ዕዳው ከሱቅዎ መብራት ጋር ይታሰራል።

ሌላም አደጋ አለው። በሥሪ ፌዝ መስመር ውስጥ በማንኛውም ሁለት ፌዝ መካከል ያለው ቮልቴጅ 380 ሲሆን፣ በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ነው። ሱቁ በአንዱ ፌዝ፣ ፎቁ በሌላው ፌዝ ሆነው ኒውትራላቸው የጋራ ሲሆን፣ ያ ኒውትራል ከላላ ወይም ከተበጠሰ፣ ሁለቱ ቤቶች በ380ው መካከል ተከታትለው ይገናኛሉ፤ ትንሽ ዕቃ የሰካው ወገን ከ220 ብዙ የበለጠ ቮልቴጅ ይደርሰዋል። ፍሪጅና ቴሌቪዥን በአንድ ሌሊት የሚቃጠሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ሞቃት ከተማ ፍሪጅ የማይጠፋ ስለሆነ፣ ይህን ስጋት ገና ከመሠረቱ ማስወገድ ይገባል።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው፤ ቆጣሪዎቹ ጎን ለጎን የሚሰቀሉበትን የውጭ ግድግዳ ይምረጡ፣ ከዚያ ቦታ እስከ ፎቁ የማከፋፈያ ሳጥን ድረስ በሱቁ ውስጥ የማያልፍ ሰፊ ቱቦ በግድግዳው ውስጥ ይቅበሩ። ሽቦው በኋላ ይገባል፤ ቱቦው ግን ዛሬ ካልገባ አይገባም። በፎቁ ውስጥ ለመብራት ባለ 1.5፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይሁን። ምጣዱ ከማንም ጋር የማይጋራው ባለ 4 ወይም ባለ 6 ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ 3,500 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ያህል ስለሚመጣ፣ ለተራ ሶኬት በተዘረጋ ሽቦና በባለ 16 ብሬከር ላይ መጋገር ሶኬቱን እያጠቆረ፣ ብሬከሩንም እያወረደ ይቀጥላል። የመሬት ሽቦውንም አይርሱ፤ ምጣድ በእርጥብ እጅ የሚነካ ዕቃ ነው።

ጥያቄ፦ በደብረ ሲና ከአባታችን የወረስነው፣ ከታች ሁለት ሱቆች ከላይ መኖሪያ ያለው ቤት አለን። ቆጣሪው እስከ ዛሬ በአባታችን ስም ነው፤ ያልተከፈለ የቆየ ሂሳብም አለበት። እኅታችን ከላይ ስለምትኖር የራሷን ቆጣሪ ልናስገባላት እንፈልጋለን። ሂሳቡ ሳይከፈል ይቻላል?

መልስ፦ አይመከርም፤ በተግባርም አይሳካላችሁም። በአንድ ይዞታ ላይ ዕዳ እያለ አዲስ ቆጣሪ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚነሣው ያ ዕዳ ነው። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጡና ነባሩን ቆጣሪ ከወራሾቹ በአንዳችሁ ስም አዛውሩ፤ ሌሎቻችሁ በጽሑፍ ፈቃዳችሁን ስጡ። የቆየውን ሂሳብ በአንድ ጊዜ መክፈል ከከበዳችሁ፣ የስም ዝውውሩን ስታመለክቱ በክፍል በክፍል እንዲከፈል በደብዳቤ ጠይቁ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን በሂሳቡ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ንባብ ቆጣሪው ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩ፤ የቆየ ሂሳብ ብዙ ጊዜ በግምት የተሞላ ወር አይጠፋውም፣ ልዩነት ካለ ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ እንዲታረም ከማመልከቻው ጋር አያይዙት። የእኅታችሁን አዲስ ቆጣሪ ከዚህ በኋላ ለመጀመሪያው ጠያቂያችን በገለጽነው መንገድ፣ በስም ዝውውሩ ማስረጃ ልታመለክቱ ትችላላችሁ። ሁለቱ ሱቆች እስካሁን በአንድ ቆጣሪ ከሆኑ፣ ባለሙያው ቦታውን ሊያይ በሚመጣበት በዚያው ቀን የእነርሱንም ጉዳይ አብራችሁ አንሡለት።